ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡን ለቄስ

«ለአካባቢ ተስማሚ»፣ «አረንጓዴ»፣ «ኅሊናን የማይወቅስ»፤ በዚህ ዘመን ልብስ የሚሸጥባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። ቀድሞ ነጋዴ ጨርቁን በጥንካሬው፣ በቀለሙና በዋጋው ያወድስ ነበር፤ ዛሬ ግን ለገዢው የኅሊና ዕረፍትም አብሮ ይሸጥለታል። በሸሚዙ አንገት ላይ አንዲት የቅጠል ሥዕል ትለጠፋለች፤ ገዢውም ቅጠሏን አይቶ ዛፍ የተከለ ይመስለዋል። እኛ ግን እንጠይቃለን። ቅጠሏን የለጠፈችው ልጅ ስንት ተከፈላት? ጨርቁ ከምን ተሠራ፣ የተነከረበትስ ውኃ ወዴት ፈሰሰ? ሸሚዙ ስንት ጊዜ ተለብሶ ይጣላል? ይህን ሁሉስ ማን አይቶ መሰከረ? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ልብስ፣ ቅጠል ቢለጠፍበትም ጫካ ቢሣልበትም፣ አረንጓዴ አይደለም።

ነገሩን ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዘንድሮ ተመራቂዎች እንደ ልማዱ በየትምህርት ክፍላቸው ካናቴራ ለማሳተም ገንዘብ በማዋጣት ላይ ናቸው። ከቀረቡት ናሙናዎች አንዱ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን ዋጋውም ከሁሉ የረከሰ ነው። «ርካሽም ነው፣ አረንጓዴም ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚሉን ብዙ ናቸው። የምንፈልገውን እነሆ እንዘረዝራለን።

በዚህ አገር ተማሪና ፋሽን ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች ተቃውመው ተነሡ፤ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። የዚያን ጊዜው ክርክር ስለ ባዕድ ባህልና ስለ ቅንጦት ነበር፤ ከቁጣውም ከፊሉ በሴት ተማሪዎች አለባበስ ላይ ወርዷል። እኛ ያንን አንደግምም። የቀሚሱ ርዝመት የለባሿ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ቀሚሱን የሰፋችው ሴት ደመወዝ ነው።

አንደኛ፤ የሠራተኛው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክና ሱቆቹ ተዘጉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ገብተው በየስፌት መኪናቸው ላይ እንዲቀመጡ ታዘዙ። የባንኩ ሠራተኛ ነፍስ ከልብስ ሰፊዋ ነፍስ በምን በልጦ ነው? ለውጭ አገር ሱቆች የሚላከው ጭነት ቀነ ቀጠሮ ስለ ነበረው ብቻ ነው።

ሩቅ አገር ብቻ አንጥቀስ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ ውኃውን መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፤ የሐዋሳን ሐይቅ የሚወድ ሁሉ ያመሰግነዋል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዚያ ፓርክ የነበረው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95፣ የኬንያ ሠራተኛ 207 ዶላር ያገኙ ነበር። ከአካባቢው ገጠር የመጡ ልጃገረዶች አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው፣ ከወር እስከ ወር መድረስ አቅቷቸው፣ ብዙዎቹ ሥራውን እየጣሉ ሄዱ። ውኃው ተጣርቶ ሲወጣ የሠራተኛዋ ጉልበት ግን ተመጥጦ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ በዚያ የተሰፋውን ሸሚዝ ምን ብለን እንጥራው? ለሐይቁ ተስማሚ ነበር እንበል፤ ለሰው ግን ተስማሚ አልነበረም። ሰውስ ከአካባቢው ውጭ ነውን?

ሁለተኛ፤ የጨርቁ ጉዳይ። ዛሬ በዓለም ለጨርቅ ከሚመረተው የክር ጥሬ ዕቃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፕላስቲክ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያያቸው ብናኞች እየረገፉ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። ነጋዴው ግን «ይህኛው ከአሮጌ የውኃ ጠርሙስ ቀልጦ የተሠራ ነው» ብሎ ቅጠሏን ይለጥፍበታል። ጠርሙሱ ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር፤ ሸሚዝ ከሆነ በኋላ ግን መመለሻው ይጠፋል። የኤለን ማካርተር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ዘገበው፣ ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

«ጥጥ ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። ጥጥ ከእግዜር ምድር የበቀለ ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ሶቪየት ኅብረት የአሙ ዳርያንና የሲር ዳርያን ወንዞች ለጥጥ እርሻ ጠልፋ፣ በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ የነበረው የአራል ባሕር አብዛኛው ደርቆ የጨው ሜዳ ሆነ። በእኛም አገር በታችኛው አዋሽ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ሲዘረጉ፣ የአፋር ከብት አርቢ በበጋ የሚሸሽበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ተነጠቀ። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲመታው መሸሻው የጥጥ ማሳ ሆኖ ጠበቀው። ስለዚህ ጥጥ ነው ሲሉን «በማን መሬት፣ በማን ውኃ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሦስተኛ፤ የብዛት ጉዳይ። ነጋዴዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚሸሹት ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ድርጅት ሺህ ዓይነት ልብስ አውጥቶ ከሺው ሃያውን «አረንጓዴ» ቢለው፣ የቀረው ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ምን ሊባል ነው? ፋሽን የሚባለው ንግድ የቆመው ያልተቀደደውን ልብስ «አረጀ» በማሰኘት ላይ ነው። በርበሪ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሂሳብ መግለጫ፣ ባለፈው ዓመት ከ28 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ ማጥፋቱን ራሱ አስታወቀ። ሕዝብ ሲቆጣ ነው ድርጊቱን አቆማለሁ ያለው።

የማይቃጠለው ደግሞ ወደ አፍሪካ ይላካል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ካንታማንቶ በሚባለው ገበያ፣ ከአውሮጳና ከአሜሪካ የተጣለ ልብስ በየቦንዳው ይራገፋል፤ የአገሬው ሰው በቋንቋው «የሞተ ነጭ ልብስ» ብሎ ሰይሞታል። ነጋዴዎቹ ጠግነውና ቀይረው የሚሸጡትን ይሸጣሉ፤ የማይረባው ቦይ ዘግቶ፣ ባሕር ዳር ተከምሮ ይታያል። ጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. በተነሣው እሳት የገበያው አብዛኛው ክፍል ሲወድም ኪሣራው የወደቀው በድሆቹ ነጋዴዎች ላይ ነበር። እኛም ሳልባጅን እናውቀዋለን። ሳልባጅ የሚለብሰውን ተማሪ አንነቅፍም፤ ሌላው የጣለውን እስኪበላሽ ድረስ መልበስ ከጣዩ የተሻለ ምግባር ነው። የምንነቅፈው «ለግሻለሁ» እያለ ቆሻሻውን በሰው ደጅ የሚደፋውን ነው።

አራተኛ፤ የምስክሩ ጉዳይ። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝ የተባለ የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከውጭ መርማሪ ድርጅት የመልካም አሠራር የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሴፕቴምበር ወር፣ እሳት ተነሣ፤ መውጫው ተዘግቶ መስኮቱ በብረት ታጥሮ ስለ ነበር ከ250 በላይ ሠራተኞች በውስጡ አለቁ። የምስክር ወረቀቱ ግን አልተቃጠለም! ይህ የሚያስተምረን፣ ተመርማሪው ለመርማሪው የሚከፍልበት ምስክርነት የአህያ ባል መሆኑን ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ከራና ፕላዛ በኋላ በባንግላዴሽ የተፈረመው የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት የተለየ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት በፈራሚነት ገቡበት፤ ገዢ ድርጅቶቹ በሕግ የሚያስገድዳቸውን ቃል ሰጡ፤ የምርመራው ውጤትም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ስለዚህ አንድ ልብስ ፍትሐዊ ነው ሲባል «ምልክቱ የታለ?» ከማለት ይልቅ «ማኅበሩ የታለ?» ማለት ይበልጣል።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን ወደሚያነሡት እንምጣ። አንዳንዶች «መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የአገራችንን ሸማ እንልበስ» ይላሉ። ሸማን እንወዳለን። ሸማኔውን ግን ወደድነውን? «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሸማኔውን የሰደበው ይኸው ሸማውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሕዝብ ነበር፤ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ዛሬም ከጋሞ ደጋ «ከተማ ወስጄ አስተምራቸዋለሁ» እየተባሉ የመጡ ሕፃናት በአዲስ አበባ ጓሮዎች ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከትተው እስከ ሌሊት ሲሸምኑ መገኘታቸው በጥናት ተደጋግሞ የተጻፈ ነው። ከሽሮ ሜዳ የተገዛው ጥበብ በልጅ እንቅልፍ የተሠራ ከሆነ፣ የእጅ ሥራ መሆኑ አያጸድቀውም። አገር ወዳድነት ከጥለቱ ሳይሆን ከጥለት ሠሪው ይጀምራል።

ሌሎች ደግሞ «እናንተ እንዲህ ስትጮኹ ፋብሪካዎቹ ይዘጋሉ፤ 26 ዶላርም ትቀራለች» ይሉናል። ይህን ክርክር በንቀት አናልፈውም፤ የደሃ ቤት እንጀራ ነውና። ነገር ግን ታሪኩን እንመልከት። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃው የአጎዋ ገበያ ስታስወጣ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። ሠራተኞቹ በዝቅተኛ ደመወዝ መታገሣቸው ሥራቸውን አላዳነላቸውም። ርካሽ ጉልበትን ብቻ ፈልጎ የመጣ፣ ነገ ከዚያ የረከሰ ሲያገኝ ወይም ገበያው ሲዘጋበት ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ለሠራተኛዋ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል፣ ርካሽ ሸሚዝ ከመግዛት ይልቅ ያ ድንጋጌ ሥራ ላይ እንዲውል ድምፁን ያሰማ።

ሦስተኛው ወገን «ደሃ ተማሪ ነን፤ ምርጫ የለንም» ይላል። እውነት ነው፤ ድሃ ነን። ድሃ በመሆናችን ግን ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ ሦስት ካናቴራ እንድንገዛ ያዘዘን ማነው? በአንድ ካናቴራ ስድስት ዓመት የሚቆይ ገበሬ አባት ያለው ልጅ፣ ከመታጠቡ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ለመግዛት ከቤቱ ገንዘብ ማስላክ የለበትም። ማስጠገን፣ ማስጠበብ፣ ለታናሽ ማውረስ እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት የኖሩበት ሥራ ነው። በዓለም ካሉት ልብሶች ከሁሉ አረንጓዴው ቀድሞ የተሠራውና ገና ያልተቀደደው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የተመራቂዎች ኮሚቴ ከላይ ያነሣናቸውን አራት ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ አቅራቢ በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልሱንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። መልስ ያልሰጠ አቅራቢ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርብን። ከተቻለ ሥራው በእግራችን ሄደን ልናየው ለምንችል የከተማችን ልብስ ሰፊ ይሰጥ፤ ለአንድ ተመራቂም ከአንድ በላይ አይታዘዝ፤ የታዘዘውም ከምረቃ በኋላ ለሥራ የሚለበስ ዓይነት ይሁን። መምህራኖቻችን ደግሞ በኬሚስትሪ፣ በሕግና በኢኮኖሚክስ ክፍሎች የአቃቂን ወንዝ ፍሳሽና የልብስ ሠራተኛውን ደመወዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አድርገው እንዲሰጡን እንለምናለን። ማኅበራችንም የፋብሪካ ሠራተኞች በነፃነት እንዲደራጁ የሚጠይቅ ድምፅ ይሁን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከሸማኔው በላይ የሚያውቀው የለምና።

ኮሚቴው የሚያገኛቸውን መልሶች፣ ለእኛ ክርክር ቢመቹም ባይመቹም፣ በሚቀጥለው እትም እንዳሉ እናትማለን።