የኳስ ሜዳን በብርድ አገር ስለ መምረጥ

ሁለት አገሮች ቡድኖቻቸውን በእግር ኳስ ለማጋጠም ቀን በቈረጡ ጊዜ፥ ከተማውንና ሜዳውን የሚመርጠው ባለ አገሩ ነው። እንግዳው በዚህ ነገር ድምፅ የለውም፤ ወደ ተጠራበት ሄዶ በተሰጠው መሬት ላይ ይጫወታል። ሜዳው የዓለም አቀፉን የእግር ኳስ ማኅበር የፊፋን መመዘኛ እስካሟላ ድረስ፥ ባለ አገሩ ይህን ትቶ ያን ስለ መረጠ አይከሰስም። ይሁን እንጂ የማያስከስስ ሥራ ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለምና፥ በሰሜን አሜሪካ ያሉ አገሮች ከሞቃት አገር የሚመጣውን ቡድን ብርድ ወደ በረታበት ከተማ እየጠሩ የሚቀበሉበትን ልማድ መርምረን፥ የሚገባውን ከማይገባው ለይተን ለመናገር አሰብን።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ነው። በዚያ ቀን የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ቡድን ለኳታር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሆንዱራስን ቡድን በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ተቀበለ። ሆንዱራስ ብርድ የማያውቀው የማዕከላዊ አሜሪካ አገር ነው፤ ሚኒሶታ ግን ከካናዳ ጋር የሚዋሰን፥ በዚያ ወራት ሐይቆቹ ረግተው ሰው በላያቸው የሚመላለስባቸው ምድር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ብርዱ ውሃ ከሚረጋበት ነጥብ በታች 16 ዲግሪ ያህል ወርዶ ነበር፤ ነፋሱ ሲጨመርበት በሰው ገላ ላይ የሚሰማው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ያህል ሆነ። የአሜሪካ ቡድን በገዛ አገሩ ካደረጋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ብርድ የታየበት የለም። አሜሪካኖቹ 3 ለ 0 አሸነፉ። ከዕረፍት በኋላ የሆንዱራስ በረኛ ሉዊስ ሎፔዝና አጥቂው ሮሜል ኪዮቶ ወደ ሜዳ አልተመለሱም፤ የአገራቸው ፌዴሬሽንም ምክንያቱ ብርዱ መሆኑን በይፋ አስታወቀ።

ከተማይቱ በሐዋርያው በቅዱስ ጳውሎስ ስም የተሰየመች ናት። ሐዋርያው ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት መልእክት በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ ይዞለት እንዲመጣ፥ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስለት መለመኑን የሚያስታውስ አንባቢ፥ በስሙ በተጠራችው ከተማ የሆነውን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ፍርድ ከመስጠት በፊት የባለ አገሮቹን ምክንያት መስማት ይገባል። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። አሜሪካ የስደተኞች አገር ናት፤ በሎስ አንጀለስ ወይም በሂዩስተን ወይም በማያሚ ጨዋታ ቢደረግ፥ አብዛኛውን ወንበር የሚይዘው የእንግዳው ቡድን ወገን ነው። ባለ አገሩ በገዛ ቤቱ እንደ ባዕድ ይጮኽበታል። ይህን ለማስቀረት ሲሉ የካቲት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. የሜክሲኮን ቡድን በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኮሎምበስ ጠሩት። ብርዱ ውሃ ከሚረጋበት ነጥብ ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር፤ አሜሪካኖቹ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ጨዋታውም «ቀዝቃዛው ጦርነት» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ብርድ ያሸንፋል የሚል እምነት በብዙ ሰው ልብ አደረ።

ነገር ግን የኋላውን ታሪክ ተከታትሎ ላየው ሰው ይህ እምነት መሠረቱ የላላ ነው። በዚያው በኮሎምበስ በ1997፥ በ2001ና በ2005 ዓ.ም. ሜክሲኮ በተመሳሳይ ቍጥር፥ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ከእነዚህ ሦስት ጨዋታዎች በየካቲት የተደረገው አንዱ ብቻ ነው፤ የ1997ቱ ነሐሴ 28 ቀን፥ የ2005ቱ ጳጉሜን 5 ቀን ስለ ተደረጉ፥ በኦሃዮ የበጋው ሙቀት ገና ያላለቀበት ጊዜ ነበር። ብርድ በሌለበትም ውጤቱ ያው ሆነ። ኅዳር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ቀዝቃዛው ወራት ከገባ በኋላ ሜክሲኮ በዚያው ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ የማሸነፊያውንም ግብ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ራፋኤል ማርኬዝ አስገባ። እንግዲህ በኮሎምበስ ይሠራ የነበረው ኀይል ከአየሩ ይልቅ ለባለ አገሩ የሚጮኸው ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ወገን የሚበዛበትን ከተማ መምረጥ ደግሞ ማንም ሊነቅፈው የማይችል የባለ አገር መብት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመንገድ ነገር ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ በሰባት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ ነበረባቸው፤ የመጀመሪያው በኮሎምበስ፥ ሁለተኛው በካናዳ በሃሚልተን፥ ሦስተኛው በሴንት ፖል። አሠልጣኙ ሚስተር ግሬግ በርሃልተር፥ በካናዳ ብርድ መጫወታቸው የማይቀር ከሆነ ተጫዋቾቹን ከብርድ ወደ ሙቀት፥ ከሙቀት ወደ ብርድ ማመላለስ እንደማይጠቅም፥ ጕዞውንም ማሳጠር እንደሚሻል አስረዱ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም ጥር 22 ቀን በሃሚልተን በዚያው ብርድ በካናዳ 2 ለ 0 መሸነፋቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብርድ ለሚያውቀው ሰው ብርድን ይዞ መምጣት ምንም አይጨምርም።

ካናዳም ብትሆን ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለችም፤ ነገር ግን በእርሷ ላይ ፍርዱ ይቀላል። ኅዳር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ሜክሲኮን በኤድመንተን ስትቀበል በረዶው በሜዳው ዳር ተከምሮ፥ ብርዱም ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነበር። 44,212 ሰው ተሰብስቦ አየ፤ ሳይል ላሪን ሁለት ግብ አስገብቶ ካናዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከዚያ በፊትም መስከረም 4 ቀን 1978 ዓ.ም. ሆንዱራስን ነፋስና ጭጋግ ወደማይለያት ወደ ሴንት ጆንስ ጠርታ፥ 2 ለ 1 አሸንፋ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አልፋለች። እነዚህን ከተሞች ስትመርጥ ሆን ብላ እንደ ነበረ አይካድም። ዳሩ ግን አገሩ ሁሉ የብርድ አገር ከሆነ፥ ባለ አገሩ በኅዳር ወር ሙቀትን ከየት ያመጣል? ከቫንኩቨር በቀር ብዙ ምርጫ የላትም። ከፍሎሪዳ እስከ ካሊፎርኒያ ለብ ያለ አየር እያለው፥ በጥር ወር ሚኒሶታን የሚመርጠው ግን ሌላ ነው።

የደጋ ሰዎች ለሆንን ለእኛ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም፤ በብርድ ፈንታ በከፍታ ደርሶብናልና። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ፊፋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ስፍራ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ወሰነ። ውሳኔው በተለይ የነካው 3,600 ሜትር ከፍታ ያላትን የቦሊቪያን ላ ፓዝ፥ እንዲሁም የኢኳዶርን ኪቶና የኮሎምቢያን ቦጎታ ነው። አዲስ አበባ ከተወሰነው ልክ የምታንሰው በመቶ ሃምሳ ሜትር ግድም ብቻ ስለ ሆነ፥ ወሰኑ ጥቂት ዝቅ ቢል ኖሮ የእኛም ሜዳ በተዘጋ ነበር። የቦሊቪያው ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሰው በተወለደበት ምድር ኳስ እንዳይጫወት መከልከል አይገባም አሉ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ክልከላው ታገደ። ለላ ፓዝ ከተሟገቱት አንዱ ስመ ጥሩው ማራዶና ነበር፤ በዓመቱ መጋቢት 23 ቀን 2001 ዓ.ም. የአርጀንቲናን ቡድን እያሠለጠነ ወደዚያው ወጥቶ 6 ለ 1 ተሸነፈ፤ ያም ሆኖ ቃሉን አላጠፈም። ቦሊቪያ ከዚያ ወዲህ ከላ ፓዝም አልፋ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ወደ ኤል አልቶ ወጥታ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋለች።

እኛ ቦሊቪያን ደግፈን የሴንት ፖልን ምርጫ ስንነቅፍ አድልዎ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የላ ፓዝ ሰው ዓመቱን ሙሉ በዚያ አየር ይኖራል፤ ልጁም ኳስን የሚለምደው በዚያ ነው፤ እንግዳውን የሚጠራው ወደ ኑሮው ነው። የአሜሪካ ቡድን ተጫዋቾች ግን አብዛኞቹ በአውሮፓ የሚጫወቱ ናቸው እንጂ በሚኒሶታ ክረምት ያደጉ አይደሉም፤ ብርዱ ለእነርሱም ባዕድ ነው። ስለዚህ በዚያ ማታ የተደረገው ባለ አገሩ በለመደው ኑሮ እንግዳውን መብለጥ ሳይሆን፥ ሁለቱም የማይችሉትን ነገር ማን አስቀድሞ ይተዋል ብሎ መፈተን ነው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠውና የማይሮጠው በረኛ ይጎዳል፤ እንደ ተጎዳም ታየ።

ደግሞስ ምን ፍለጋ ነበር? ሆንዱራስ በዚያ የማጣሪያ ዙር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የጨረሰ ደካማ ቡድን ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ከአምስት ወር በፊት ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሆንዱራስን በገዛ ሜዳው፥ በሳን ፔድሮ ሱላ ሙቀት ውስጥ፥ 4 ለ 1 አሸንፈውት ነበር። በእንግዳው ሙቀት ያሸነፈ ቡድን፥ እንግዳውን በውርጭ መቀበል አያስፈልገውም ነበር። ድሉን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ሲቻል፥ ሰው ሁሉ ስለ ግቦቹ መናገር ትቶ ስለ ብርዱ እንዲናገር ሆነ።

ለእውነት ስንል መልካሙንም እንናገር። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ለእንግዶቹና ለዳኞቹ የብርድ ልብስና የራስ መሸፈኛ ሰጥቷል፤ የሜዳውም ሣር ከሥሩ በቧንቧ የሚሞቅ ስለ ነበረ መሬቱ አልረጋም። እንግዳን አክብሮ መቀበልን ከአብርሃም ድንኳን ለተማርን ለእኛ ይህ ተግባር የሚመሰገን ነው። ግን ልብስ ከመስጠት የሚቀድም ነገር ነበር፤ እርሱም ሰዓቱ ነው። ጨዋታው የተጀመረው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ በ12 ሰዓት ተኩል፥ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሜዳውን የመረጠው ሰዓቱንም በቀትር ማድረግ በተቻለው ነበር፤ የቴሌቪዥን ተመልካች ይበዛል ተብሎ የተጫዋች ገላ መታሰብ ቀረ።

እዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። መጋቢት 13 ቀን 2005 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ኮስታ ሪካን በኮሎራዶ ሲቀበሉ፥ ያን ስፍራ የመረጡት በቀጣዩ ሳምንት ለሚጠብቃቸው ለሜክሲኮ ከተማ ከፍታ ለመዘጋጀት ነበር። አመዳዩ ግን ሳያቋርጥ ወርዶ የሜዳውን መስመር እስከ መሸፈን ደረሰ፤ መስመሩም በአካፋ እየተጠረገ ተጫወቱ። ክሊንት ዴምፕሲ ባገባው ግብ አሜሪካ 1 ለ 0 አሸነፈች። ኮስታ ሪካ አቤቱታ አቀረበች፤ ፊፋ ግን አቤቱታው በደንቡ በታዘዘው ሥርዐት አልቀረበም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። የተበደለ ሰው እንኳ ጽሕፈቱን በጊዜውና በሥርዐቱ ካላቀረበ በደሉ አይታይለትም። ኮስታ ሪካ ብድሯን የመለሰችው ጳጉሜን 1 ቀን በዚያው ዓመት በሳን ሆሴ 3 ለ 1 በማሸነፍ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፥ አሜሪካኖች የሚከራከሩበት ይህ የመምረጥ መብት በ2014 ዓ.ም. በእጃችን አልነበረም። መመዘኛውን የሚያሟላ ሜዳ ስለ ታጣ፥ የኢትዮጵያ ቡድን እንደ ባለ አገር የሚቈጠርበትን ጨዋታ ከጋና ጋር በጆሐንስበርግ አድርጎ 1 ለ 1 ወጣ፤ ሰኔ 2 ቀንም ግብፅን በማላዊ በሊሎንግዌ ተቀብሎ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድሉ ታላቅ ነው። ነገር ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን በአየሩ፥ በሣሩና በሕዝቡ መካከል ነበረ፤ በሊሎንግዌ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ሜዳ የሚሠራውና በጀት የሚመድበው ሁሉ ይህን ልዩነት በገንዘብ ብቻ ባይመዝነው መልካም ነው።

ስለ ብርዱ የቀረው ነገር የቍጥር ነገር ነው። ፊፋ ለሙቀት ልክ አበጅቷል፤ እርጥበትን ጨምሮ የሚለካው ሙቀት 32 ዲግሪ ሲያልፍ ተጫዋቾች ውሃ የሚጠጡበት ዕረፍት ይደረጋል። ለብርድ ግን በጨዋታው ሕግ ውስጥ የተጻፈ ቍጥር የለም፤ ሁሉ ለዳኛው አስተያየት ተትቷል። ዳኛውም ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ጨዋታውን ማስቀረት ይቻለዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ሸክም መጫን ነው። የብርዱ ልክ ከታወቀ ቍጥር በታች ሲወርድ ጨዋታው ወደ ቀትር እንዲዛወር፥ በቀትርም ካልተሻለ ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄድ፥ ይህም የጨዋታው ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ለሁሉም በጽሑፍ እንዲታወቅ ቢደረግ፥ ባለ አገሩ መብቱን ሳያጣ የሉዊስ ሎፔዝ ተተኪ የሚሆን በረኛም እስከ መጨረሻው ደቂቃ በበሩ ላይ ሊቆም ይችላል።