በጠባብ በጀት ደኅና የኤሌክትሪክ ጊታር ከካምፓላ

የኪነት ቡድናችን ሁለት ጊታሮች ማርጀታቸውን ባለፈው የበዓል ዝግጅት ላይ የነበራችሁ ሁሉ በገዛ ጆሮአችሁ ሰምታችኋል። አንደኛው በየዘፈኑ መካከል ቅኝቱን ይለቃል፤ ሁለተኛው ሽቦው በተነካ ቁጥር ዘይት እንደ በዛበት መጥበሻ ይንጫጫል። ከዚህም የተነሣ በትምህርትና በሥራ ጉዳይ ወደ ካምፓላ የሚመላለሱ ጓዶች ከዚያ ገበያ ጊታር ገዝተው ለመምጣት አስበው ምን ዓይነት እንደሚሻልና ስንት ብር እንደሚበቃ ደጋግመው ጠይቀውናል። ባለቤቶቻቸው ደግሞ የራሳቸው የሆነ ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ እርሱን በቦታው እናነሣዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባናል። ክራርና የተለመደው የእንጨት ጊታር ድምፃቸውን የሚያገኙት ከሆዳቸው ነው። ስለዚህ የእንጨቱ ዓይነት፣ ድርቀትና ስስነት ሁሉ ዋጋ አለው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከዚህ ይለያል። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት ተቀምጧል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ ማግኔቱ አካባቢ ያለው ኃይል ይናወጣል፤ በሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል፤ ይህንኑ ፍሰት አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ድምፅ ያደርገዋል። ስለሆነም አካሉ ከብርቅ እንጨት ባይሠራም አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ክሩም በትክክል የተቀመጠ ከሆነ መሣሪያው መድረክ ላይ ሊያገለግል ይችላል። በጀቱ ለጠበበበት ሰው ትልቁ የምሥራች ይኸው ነው።

ለዚህ የወታደር ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1961 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጂሚ ሄንድሪክስ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በአሜሪካ ጦር ተቀጥሮ ፎርት ካምቤል በሚገኘው 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ተመደበ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ትቶት የሄደውን ጊታር እንዲልክለት አባቱን ጠየቀ። የተላከለት ጊታር ዳንኤሌክትሮ የተባለው ፋብሪካ ሠርቶ ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር ሲልቨርቶን በሚል ስም ይሸጠው ከነበረው ርካሽ ዕቃ ወገን ነበር። የዚያ ፋብሪካ ጊታሮች ፊትና ጀርባ ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ ከሚሠራ ቀጭን ሰሌዳ ነበር፤ የፒክአፑ መያዣ ደግሞ ለሴቶች የከንፈር ቀለም የሚያገለግለው ቀፎ ነበር። ቢሊ ኮክስ የተባለ ሌላ ወታደር በጦር ሠፈሩ ክበብ ደጃፍ ሲያልፍ የሄንድሪክስን አጨዋወት ሰምቶ ገባ፤ አብረውም መጫወት ጀመሩ። ሄንድሪክስ በ1962 ከሠራዊቱ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪኩን ዓለም ያውቀዋል።

የእኛም አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው በጦር ሠፈር ግቢ መሆኑን የማያስታውስ ሙዚቀኛ የለም። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች ካቋቋሙት የነሐስ ባንድ ጀምሮ፣ በክቡር ዘበኛ፣ በምድር ጦርና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች በኩል ብዙ ስመ ጥር ድምፃውያን ወጥተዋል። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ፍሬዎች ናቸው። የእነዚያ ኦርኬስትራዎች ዋና ጉልበት ግን ትንፋሽ መሣሪያ ነበር። ጊታሩ ወደ ፊት የመጣው ኋላ፣ ባንዶች አነስ እያሉ ሲሄዱ ነው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ ይነሣል። ዛሬ አንዲት አነስተኛ የክፍል ኪነት ቡድን አሥራ ሁለት ትንፋሽ መሣሪያ ልትይዝ አትችልም፤ አንድ ሊድ ጊታር፣ አንድ ቤዝና አንድ ኪቦርድ ካላት ግን ሙሉ ዝግጅት ታቀርባለች።

ርካሹ ጊታር እንዴት ደኅና ሊሆን ቻለ? ነገሩ የጀመረው በጃፓን ነው። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ፌንደርንና ጊብሰንን ቅርጽ እየቀዱ ባነሰ ዋጋ ሲሸጡ፣ የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኩባንያ በ1977 የአይባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ ፍርድ ቤት አቆመ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ፌንደር ደግሞ ሌላ ዘዴ መረጠ። በ1982 ራሱ ጃፓን ገብቶ ማምረት ጀመረ፤ ስኳየር የሚለውንም ስም ለርካሹ ዕቃው አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ኮሪያ፣ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ተሻግሯል። የኮሪያው ኮርት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለው ፋብሪካው የራሱን ስም የያዘ ጊታር ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ታዋቂ ስሞችም ሲያመርት ኖሯል። አንገቱን የሚቆርጠው በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና ስለሆነ፣ ቀድሞ የባለሙያ እጅ ብቻ ይደርስበት የነበረው ልክ አሁን ርካሹም ዕቃ ላይ ይገኛል። የያማሃው ፓሲፊካ 112 በዚህ ወገን በጣም የተመሰገነ ነው። አዲሱ በዓለም ገበያ 300 ዶላር ገደማና ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል። የስኳየር ዝቅተኛው ዓይነት 200 ዶላር አካባቢ ነው። አሜሪካ የሚሠራው ፌንደር ግን ከ1,500 ዶላር ያልፋል። በመካከሉ ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የድምፁ ልዩነት ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ በሠፈራችን አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ያን ያህል አይሰማም።

ወደ ካምፓላ እንምጣ። ይህች ከተማ ከጊታር ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት። ካዶንጎ ካሙ የሚባለው የሉጋንዳ ዘፈን ስሙ ራሱ «አንዲት ትንሽ ጊታር» እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው አንዲት ጊታር ይዞ የኑሮን ነገር በረዥሙ የሚያወጋበት፣ ለእኛ አዝማሪ ቅርብ የሆነ ጥበብ ነው። በ1975 የተመሠረተውና በሞዘስ ማቶቩ የሚመራው አፍሪጎ ባንድ ደግሞ በዚያ ሁሉ የፖለቲካ ማዕበል ሳይበተን መቆየቱ በአህጉራችን ብርቅ ነው። በየሠፈሩ ያሉት አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎቹ ጊታርና ከበሮ ያለው ባንድ ስላላቸው፣ መሣሪያ የሚጠግንና የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገኛል። የእኛ አገር ሰዎች በብዛት የሚገኙበት ካባላጋላ ሠፈር ሄዶ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የሚጫወቱትን ሙዚቀኞች መጠየቅ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው። የትኛው ሱቅ እውነተኛ ዕቃ እንደሚይዝና የትኛው ሙዚቀኛ ጊታሩን ሊሸጥ እንደሚፈልግ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ኦዊኖ ገበያ በሰልባጅ ልብስ የታወቀ ስለሆነ ለልጆች ልብስ ሂዱበት፤ ጊታር ፍለጋ ግን ቀን አታቃጥሉበት።

ሻጩን ወንድ ከሆነ «ሴቦ»፣ ሴት ከሆነች «ኛቦ» ብሎ በአክብሮት መጥራት በዚያ አገር የጨዋ ደንብ ነው፤ ዋጋም ያለሰልሳል። ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ። የኡጋንዳ የተጨማሪ እሴት ታክስ 18 በመቶ ስለሆነ የተነገራችሁ ዋጋ ይህን ይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ፍተሻው እንግባ። ወታደር መሣሪያ ሲረከብ በላዩ የተጻፈውን ስም አይቶ አይፈርምም። ፈትቶ፣ አይቶ፣ አንቀሳቅሶ ነው። ጊታርም እንዲሁ ነው። ራሱን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ኢላማ እንደምታነጣጥሩ በአንገቱ ርዝመት ተመልከቱ። የተጠማዘዘ እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል፤ የተጠማዘዘውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ቀጥሎ አንዱን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው የብረት ዘንግ፣ ማለትም ፍሬት ላይ በሁለት እጅ ተጭናችሁ ያዙ። በመካከሉ ክሩና ፍሬቱ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ቢኖር መልካም ነው። ክፍተቱ ከበዛ ወይም ጨርሶ ከጠፋ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው። ይህ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ በመፍቻ ሩብ ዙር ሲዞር ይቃናልና። ነገር ግን ሻጩ እፊታችሁ እንዲያዞረው ጠይቁ። ዘንጉ ዝጎ አልዞር ካለ ጊታሩን ተዉት።

ከዚያ በየክሩ ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ምቱ። የሚንጨረጨር ወይም የሚታፈን ድምፅ ያለበትን ቦታ ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ክሩ ቦይ ከቆረጠባቸው ጊታሩ ብዙ ሠርቷል፤ ፍሬት ማስቀየር ደግሞ ውድ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። ክሩን እዚያ ላይ ሳትጫኑ ነክታችሁ የምታገኙት ቀጭን ድምፅና ተጭናችሁ የምታገኙት ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫነው መቃኛ ይህን ያሳያችኋል። ልዩነት ቢኖር ድልድዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማስቀመጫዎች በካቻቢቴ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ማድረግ ይበቃል። ክሩ ያረጀ ከሆነ ግን ይህ ፈተና ያሳስታል።

ሽቦውን ሰክታችሁ የድምፅ መጨመሪያውን ስታዞሩ ቢንኮሻኮሽ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ በዚሁ ምክንያት ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። የሽቦው መሰኪያ ቢላላም አንድ ብየዳ ይበቃዋል። (የቡድናችን ሁለተኛው ጊታር ሕመም ይኸው እንደሆነ የመገናኛ ባለሙያዎቻችን ካውያቸውን ይዘው ቢያዩልን ከአንዱ ግዢ እንገላገል ነበር።) ፒክአፑን በብረት ቁልፍ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኩት ምንም ካላሰማ ግን ሞቷል።

አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ፣ በፌንደር ዓይነት የተሠራ ጊታር ለእኛ ኑሮ ይስማማል። መኪና ላይ ተጭኖ የሚዞር ዕቃ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፤ ይህኛው አንገቱ ቢበላሽ ተፈትቶ ሌላ ይገባለታል። በጊብሰን ዓይነት የተሠራው አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ፣ ራሱም ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ከአንገቱ ላይ ይሰበራል። የጊብሰን ስም ያለበት ጊታር በጥቂት ዶላር ከቀረበላችሁ ደግሞ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ተመልከቱ፤ እውነተኛው ጊብሰን በሁለት ብሎን ያስራታል፤ ብዙዎቹ ሐሰተኞች ግን ሦስት አላቸው።

አሁን ወደ እኅቶቻችን ጥያቄ። የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ለጣራ ቆርቆሮ የታሰበው የዕቁብ ብር ለጊታር ሊውል መሆኑን ሰምታ፣ ቤት ያለው ክራር አይበቃውም ወይ ስትል ጠይቃናለች። መልሳችን አጭር ነው፤ እርሷ ትክክል ናት። ዝናብ የሚያፈስ ጣራ ሥር ጊታር ማስቀመጥ ለጊታሩም አይበጅም። የቡድን መሣሪያ ከቡድን ገንዘብ ይገዛ፤ የቤት ገንዘብ አይነካ። በግሉ መማር የሚፈልግ ጓድ ከሌሎች አራት አምስት ጓዶች ጋር ለዚሁ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ዕቁብ ይግባ፤ በመጀመሪያው ዕጣ አንድ ደኅና ጊታር ይገዛና ተራ በተራ ይለማመዱበት። አምስት ሰው አምስት መናኛ ጊታር ከሚገዛ ይህ እጅግ ይሻላል፤ መናኛው ክሩ ከአንገቱ ርቆ ጣት ስለሚቆርጥ ጀማሪው በወሩ ይተወዋል። ባል ባል ስንልም ጊታር የሚመታ ሁሉ ወንድ ነው ማለታችን አይደለም። ቤዝ ለመማር የተመዘገቡ ሁለት ወይዘሮዎች አሉን፤ ባሎቻቸውም ልጅ እየያዙ ያግዟቸዋል ብለን እንጠብቃለን።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ከዘብ የተመለሰ ሰው በሚተኛበት መኖሪያ ትልቅ አምፕሊፋየር አያስፈልግም። 10 ዋት ያለውና የጆሮ ማዳመጫ የሚቀበል ይበቃል። አምፕሊፋየሩን ከካምፓላ የምትገዙ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። የኡጋንዳ መብራት 240 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ ለዚያ የተሠራው ያለ ችግር ይሠራል። ሶኬቱ ግን የእንግሊዝ ዓይነት፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለሆነ መለወጫ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እንዳለ ብትሰኩት ይቃጠላል።

ከካምፓላ እስከ ኢንቴቤ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ጊታር ተሸክማችሁ አትሂዱ። ክሮቹን ጥቂት አላሉ፤ ነገር ግን ጨርሳችሁ አትፍቱ፤ ጠንካራ ሣጥን ከሌላችሁም አንገቱን በልብስ ጠቅልሉት። ካምፓላ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ርጥብ ከተማ ናት። እኛ ዘንድ፣ በተለይ በደጋው በበጋ ወራት፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ ጥቂት ይሰበሰባል። የፍሬቶቹ ጫፍ በአንገቱ ጠርዝ ወጣ ወጣ ብሎ እጅ ቢቧጭር ጊታሩ ተበላሸ አትበሉ፤ በጥሩ ሞረድ በቀስታ ይስተካከላል። ለሁለት ሳምንት እቤት ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን እንደገና አይታችሁ ዘንጉን አስተካክሉ። ስትመለሱም 009 የሚባለውን ቀጭን ክር ቢያንስ ሦስት ጥቅል ይዛችሁ ኑ፤ የመጀመሪያው ክር ከሁሉ ቀድሞ ይበጠሳልና።