በረመዳን ያመሰገንነው ሕመም



ይህን የምጽፈው አንድ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ከሁለት ረመዳን በፊት እዚህ ኮልፌ፣ እኔ በማገለግልበት መስጂድ ሃያዎቹን የጀመረ አንድ ወንድም ነበር። ተራዊህ አያመልጠውም፤ ሰው ሲበተን እሱ ቀርቶ እስከ ሱብሒ ይሰግዳል። ሱሑሩ ውኃ፣ ኢፍጣሩ ሁለት ተምር ነው። ሾርባውንም ሳምቡሳውንም ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። አንድ ቀን ጫማውን ለለማኝ ሰጥቶ በባዶ እግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲያወራ ማቆሚያ የለውም፤ ሦስት መስጂድ ሊያሠራ ዕቅድ ነድፏል። እኔም በጀማዓው ፊት «ወጣት ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ። እሱም ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

ከዒድ በኋላ ጠፋ። እናቱ መጥታ ነገረችኝ። ቀን ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል፤ ሌሊት ተነስቶ በቤት ያለውን እንጀራና ወጥ ሁሉ ጨርሶ ሽንት ቤት ገብቶ ያስመልሳል። ጎረቤት «ጨጓራ ነው» አለ፤ አክስቱ «ዓይን ነው» አለች። እኔ ቁርኣን ቀራሁበት፤ በዚህ አልጸጸትም። የምጸጸተው «ሐኪም ዘንድም ውሰዱት» ለማለት ሁለት ወር ስለፈጀብኝ ነው።

ሐኪሟ ሁለት ሕመም አለበት አለች፤ ባይፖላርና ቡሊሚያ። ያን ቀን ነው ረመዳኑን ሙሉ ምን ሳመሰግን እንደነበር የገባኝ።

ባይፖላር ያለበት ሰው አንድ ወቅት ስሜቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ሳይተኛ ጉልበት ይሞላዋል፣ ገንዘብ ይበትናል፣ መብላት ይረሳል። ሐኪሞች ማኒያ ይሉታል። ሌላ ወቅት ደግሞ ድባቴ ውስጥ ይወድቃል። ቡሊሚያ ማለት ራስን መግታት እስኪያቅት በልቶ፣ ከዚያ በፀፀት ማስመለስ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ባይፖላር ባለባቸው ሰዎች ላይ ያለ ልክ መብላትና ቡሊሚያ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት እንደሚታይ የታወቀ ነው። ለባይፖላር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምሩ፣ ውፍረት የፈራ ወጣት በድብቅ ያቆማቸዋል።

አንዱን ብቻ አይቶ ማከም አደጋ አለው። ለቡሊሚያ የሚታዘዝ የድባቴ መድኃኒት፣ ባይፖላሩ ሳይታወቅ ለብቻው ከተሰጠ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ በማስመለስ ወይም በውኃ ጥም ሰውነቱ ሲደርቅ፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያንገዳግዳል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ ሊትየም እየወሰደ ሐኪም ሳያማክር ረመዳንን የሚጾም ወንድም «ጎበዝ» ሊባል አይገባም።

«ኢማኑ ቢጠነክር አይታመምም ነበር» የሚሉ አሉ። ለስኳር ሕመምተኛ እንዲህ ስንል ግን አልሰማሁም። አላህ በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ጾምን ሲያቀልለት የአካል ሕመም ብቻ ብሎ አልለየም። ቡኻሪ የዘገቡትን የሰልማንንና የአቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ታሪክ ሁላችንም መድረሳ ቀርተነዋል። አቡ ደርዳእ ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ይቆማል። ሰልማን ሊጠይቀው ሄዶ፣ አንተ ካልበላህ አልበላም ብሎ የሱና ጾሙን አስፈታው፤ ሌሊትም ሊቆም ሲነሳ አስተኛው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳዩ ሲነገራቸው እውነቱ ከሰልማን ጋር መሆኑን አረጋገጡ። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ያ ወንድም ፊቴ ሲቀመጥ ግን ትዝም አላለኝ።

እህቶችን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀዷ ጨርሳ፣ የሸዋልን ስድስት ጾማ፣ ሰኞና ሐሙስን ጨምራ፣ ከዚያም ሌላ ሰበብ የምትፈልግ አለች። ጾም መግሪብ ላይ ያበቃል። መግሪብ ብሎም መብላት ያስፈራት እህት ካለች፣ ቤተሰቧ «ማሻአላህ» ከማለቱ በፊት በእርጋታ ይጠይቃት።

ሕመሙ የፈረንጅ ነው የሚለውንም ተዉት። ብዙ የኮልፌ ሰው ከጉራጌና ከስልጤ የመጣ ነው። እዚያው ቡታጅራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከ1,000 ሰው 5 በሚሆን ላይ ባይፖላር አግኝተዋል። አብዛኞቹ ሐኪም አይተው አያውቁም ነበር። እኛ ግን አማኑኤል ሆስፒታል በታክሲ የምንደርስበት ነው፤ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሚያስቸግረን መንገዱ ሳይሆን «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል እንደ ስድብ የምንጠቀመው እኛው ነን።

ዘንድሮ ሸዕባን ሳይወጣ ከዚያ ወንድም ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። እንዳይጾም አለች። ሼኻችንም ሰምተው፣ ለየቀኑ አንድ ምስኪን እንዲያበላ ነገሩት። ቤቱ ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ ብቻውን መብላት አፍሮ፣ ከዙህር በኋላ ምሳውን ይዞ ወደ መስጂዱ ጓዳ ይመጣ ነበር። በልቶ እንዳያስመልስ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሰው አብሮት እንዲቆይ ሐኪሟ አዝዛለች። እኔ እየጾምኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ኳስ እናወራለን። አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍተው አይተውት «ይሄ አይጾምም እንዴ?» አሉ።

«ታሞብኝ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «አላህ ይማርህ ልጄ» ብለው በሩን መልሰው ዘጉልን።