መቶ ፍራንክ ጣራ አይመልስም

ይድረስ ለካርቲየ ሰባት እድርተኞች፣ በተለይም አብራችሁኝ ላረጃችሁት።

በመጪው ስብሰባ እንድናጸድቀው የተዘጋጀውን ሐሳብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በወር መዋጮው ላይ መቶ ፍራንክ ይጨመር፤ ዝናብ ወይም ነፋስ ቤቱን ላፈረሰበት አባል ስድሳ ሺህ ፍራንክ ይሰጠው ተብሏል። የእድራችን ወጣቶች ይህን ያመጡት በቅንነት ነው። እኔ ግን እጄን አላወጣም። ኋላ ሽማግሌው ተነሥቶ አፈረሰው እንዳልባል ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር።

እድራችን የተቋቋመው ለሞት ነው። ሞት ዘንድሮ አንዱን ቤት፣ ከርሞ ሌላውን ይጎበኛል፤ አንዱ ሲያለቅስ የቀረው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያዋጣል። ጎርፍ ግን የሰብሳቢውን፣ የገንዘብ ያዡንና የምስኪኗን ቤት በአንድ ሌሊት ነው የሚገባው። ሁሉም ልቅሶ ላይ ሲቀመጥ ማን ለማን ያዋጣል?

ጅቡቲ በረሃ ናት፣ ስንት ጊዜ ዘነበና የምትሉ አላችሁ። እስቲ ትልልቆቹን ብቻ እንቁጠር፤ ዓመቱን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጁ ልጥራ። 1989፣ 1994፣ 2004፣ 2018፣ 2019፣ 2020። በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከሃምሳ በላይ ሰው ወሰደ። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መጥቶ ሶማሌላንድ ላይ መሬት ረገጠ፤ እኛን የነካን ጫፉ ብቻ ነው፣ ያም ሆኖ የዓመት ያህል ዝናብ አውርዶብን ሄደ። በኅዳር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ፤ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት እስከ 250 ሺህ ሰው ተጎድቷል አሉ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ፣ በኮሮና በር ተዘግቶብን ሳለ፣ ጎርፉ እንደገና መጣ። ልብ በሉ፣ እስካሁን አውሎ ነፋስ ፊት ለፊት አልመታንም።

ቢመታንስ? ጣራችንን የያዘው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነው። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚንገጫገጭ ታውቃላችሁ። ባለፈው መሰላል አስደግፌ የራሴን አየሁት፦ የባሕሩ ጨው የምስማሩን ራስ በልቶታል፤ ቆርቆሮው ዙሪያውን ዝጎ ምስማሩን አልፎ ለመውጣት የቀረው ጥቂት ነው። የብዙዎቻችሁም ከዚህ አይሻልም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለምሳሌ መቶ ቤት ነን እንበል። በአሥር ዓመት አንዴ የቤታችንን ግማሽ የሚጎዳ ማዕበል ይመጣል ብለን እንነሣ፤ ከላይ ከቆጠርናቸው ዓመታት አንጻር ይህ ለእኛ ያደላ ግምት ነው። ሃምሳ ቤት በስድሳ ሺህ ሲባዛ ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ ይሆናል። ለአሥር ዓመት ሲከፈል በዓመት ሦስት መቶ ሺህ፣ ለአንድ ቤት በወር 250 ፍራንክ ነው። በአምስት ዓመት አንዴ ከመጣ ደግሞ 500። በመቶ ፍራንክ ግን በዓመት የምንሰበስበው 120 ሺህ ነው። ሦስት ሚሊዮን እስኪሞላ ሃያ አምስት ዓመት! ከመካከላችን ያን የሚያይ ማን ነው?

250ውን ብንከፍል እንኳ ገና አልዳንንም። ማዕበሉ አሥረኛውን ዓመት ጠብቆ እንዲመጣ የተዋዋለን የለም። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢመጣ በሣጥኑ ያለው ዘጠኝ መቶ ሺህ ነው፤ ስድሳ ሺህ የተባለ ሰው 18 ሺህ ይዞ ይገባል። በመቶ ፍራንኩ ከሆነ 7,200። ይህን ለአንዲት ልጆቿን ጠረጴዛ ላይ ላሳደረች እናት ማን እንደሚነግራት ከአሁኑ እንምረጥ።

ይህ የድሃ ሰፈር ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1992 አንድሩ የሚሉት ሃሪኬን ፍሎሪዳን ሲመታ 11 ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከስረዋል፤ ቀደም ያሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩና አረቦኑን በዚያ ልክ ነበር የቆረጡት። በቴክሳስ ከ1971 ጀምሮ ለባሕር ዳር ቤቶች የነፋስ መድን የሚሰጥ ማኅበር አለ። አይክ የተባለው ሃሪኬን በ2008 መጠባበቂያውን ጠርጎ ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ታሪፉ ከሚጠበቀው ኪሳራ በታች ነው የሚል ስሌት ደጋግሞ ቀርቧል፤ የባሕር ዳሩ ሰው ደግሞ ጭማሪውን አልቀበልም ይላል። እንግዲህ እነዚያ የሂሳብ ሊቅ ቀጥረው፣ ጠለፋ መድን የሚሉትን የመድን ሰጪዎች መድን ገዝተው ነው። ከእኛ ጀርባ ማን ቆሟል?

ከማዕበሉ በላይ የምፈራው ግን ደረቁን ዓመት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ዝናብ ሲጠፋ ሣጥኑ የሞላ ይመስላል። አንዱ ተነሥቶ መዋጮው ይቀነስ ይላል፣ ሌላው አዲስ ድንኳንና ወንበር እንግዛበት ይላል፣ ሦስተኛው ለልጁ ሠርግ ብድር ይጠይቃል። ይሉኝታችንን ስለማውቀው እምቢ የሚል አይኖርም። ያ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ገና ያልመጣ ጎርፍ ዕዳ ነው።

ባልባላ ካለው እድር ጋር እንጣመር የሚለውንም ሰምቻለሁ። ባልባላ ከአምቡሊ ማዶ ነው፤ እኛን የመታ ደመና እነሱንም ይመታል። ከሩቅ ሰው ጋር ከሆነ ግን እሺ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጠፋት የእኛ ሰፈር ደረቅ ነበር። ድሬዳዋ የብዙዎቻችን ዘመድ አለ፣ ባቡሩም መንገዱም አለ፤ እዚያ ካለ እድር ጋር አንዱ ሲመታ ሌላው የሚደርስበትን ውል ብንሞክር ያዋጣል ብዬ አስባለሁ። ብሩና ፍራንኩ እንዴት እንደሚሻገር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው፤ እሱን ለወጣቶቹ እንተወው።

እንግዲህ እጄን የማወጣው እንዲህ ከሆነ ነው። ስድሳ ሺህ የሚለው ቃል ይሰረዝና በሣጥኑ ካለው ላይ ለተጎዱት እኩል ይከፈላል ተብሎ ይጻፍ፤ ወይም ስድሳ ሺሁ ይቆይና መዋጮው ቢያንስ 250 ይሁን፣ የማይችል አባል በግልጽ ይናገርና እንተጋገዝ። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ለምስማርና ለማሰሪያ ሽቦ ይውጣ፤ ያልተነቀለ ጣራ ካሳ አይጠይቅም። ለሞት የተዋጣው ሣጥን ደግሞ ከዚህኛው ጋር እንዳይቀላቀል፣ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ እንዲሆን በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ሐሳቡ እንደቀረበ የሚያልፍ ከሆነ ስሜ ከተቃወሙት ጋር ይመዝገብልኝ።