የወርቅ ካርዱን ሒሳብ የሚከፍሉት የቆሼ እናቶች ናቸው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል፤ ካርዱ በኪሳችሁ ይኖራልና። ከእኛም መካከል የተሰጠው አለ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረንም እሱ ነው።

ወንድማችን ነጋዴ ነው። ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ከወለድ ነጻ በሆነ ሒሳብ ነው። በቅርቡ ስሙን የማንጠቅሰው ባንኩ ደውሎ «ልዩ ደንበኛችን ሆነዋል» አለው። የተወሰነ መጠን ያለው ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ እስካቆየ ድረስ ወርቃማ ካርድ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ያለ ሰልፍ ይስተናገዳል፤ በአየር ማረፊያ የክብር ማረፊያ ክፍል ይገባል፤ የጉዞ ኢንሹራንስም ይኖረዋል። እናቱ ደግሞ የሚኖሩት ቆሼ ነው። በዚያው ሰሞን የኤቲኤም ካርዳቸው ጠፍቶባቸው እዚያው ባንክ ሄዱ፤ ለምትክ ካርዱ ገንዘብ ተቆረጠባቸው። ማታ ቤት ሲገናኙ የልጃቸው ወርቅ በነጻ፣ የእሳቸው ፕላስቲክ በገንዘብ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ወደ እኛ አመጣው፤ እኛም ወደ እናንተ አመጣነው።

ቆሼን ለማታውቁ፦ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ በረጲ በኩል፣ አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የደፋችበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። ከተማዋ የበላችበትና የጠጣችበት ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነበር። ምቾቱ ከላይ ቀረ፤ ዋጋው ቁልቁል ወርዶ ድሃው ላይ ተከመረ። ስለ ካርዱም የምንለው ይህንኑ ነው፦ ምቾቱ ላይ ይቀራል፣ ዋጋው ታች ይወርዳል።

ነጻ ካርድ የለም

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በፖስ ማሽን ስትከፍሉ ባለሱቁ ሙሉውን ገንዘብ አያገኝም። ማሽኑን ያስቀመጠለት ባንክ ከሽያጩ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይቆርጣል። ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ካርዱን ለእናንተ ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት የካርድ ድርጅቶችም የየራሳቸውን ድርሻ ከሁለቱም ባንኮች ይወስዳሉ። በብዙ አገሮች ካርዱ «ወርቅ» ወይም «ፕላቲኒየም» በሆነ ቁጥር ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚደርሰው ክፍያ ከፍ ይላል። በኤቲኤም ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካርዳችሁን በሌላ ባንክ ማሽን ስታስገቡ የሚከፍለው ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ነው፤ እሱም ከእናንተው ሒሳብ ይተካዋል።

ባለሱቁ የተቆረጠበትን ከኪሱ አይከፍልም፤ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ያንን ዋጋ ደግሞ በካርድ የከፈለው ብቻ ሳይሆን በጥሬ ብር ዘይትና ሳሙና የገዛችው እናትም ትከፍለዋለች። እሷ ካርድ የላትም። ሽልማቱም አይደርሳትም።

ይህ የእኛ ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ለካርድ ሰጪ ባንክ የሚሄደውን ክፍያ በዴቢት ካርድ ላይ ከ0.2 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ባንኮች ዴቢት ካርድ ላይ ጣሪያውን በአንድ ግብይት 21 ሳንቲምና የዋጋው 0.05 በመቶ አደረገች። ከዚያ ምን ሆነ? ብዙ የአሜሪካ ባንኮች ለዴቢት ካርድ የሚሰጡትን ሽልማት አቋረጡ። ሽልማቱ የባንኩ ልግስና ቢሆን ኖሮ የባለሱቁ ክፍያ ሲቀንስ ለምን ጠፋ? ከመጀመሪያውም የሌላ ሰው ገንዘብ ስለነበረ ነው።

በማን ገንዘብ?

እኛ ጋ ግን ከባለሱቁ ክፍያ የሚበልጥ ሌላ ምንጭ አለ፤ የሚያሳምመንም እሱ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሪባን ፈርተው ለዘመናት ከባንክ ርቀው ኖሩ። ገንዘባቸውን በእቁብ አዞሩት፤ ሳጥን ውስጥ ደበቁት። በ2011 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነባር ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ለማየት ግን ሌላ አሥር ዓመት ግድ አለ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ሲቢኢ ኑር፣ አዋሽ ኢኽላስ፣ ዳሸን ሸሪክ፣ ኩፕ አልሁዳ እያልን እንጠራለን። ይህ የሕዝበ ሙስሊሙ የረጅም ጊዜ ጥያቄ ውጤት ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

እናቶቻችን የከፈቱት ሒሳብ በአብዛኛው የወዲዓህ ነው። አደራ ማለት ነው። ባንኩ ገንዘቡን ሊሠራበት ይችላል፤ ሲጠየቅ ግን ሙሉውን ይመልሳል፤ ትርፍ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገ። በዚህ ስሌት ባንክ 20 ሺህ ብር ላስቀመጠ ተራ ቆጣቢ በዓመት ቢያንስ 1,400 ብር ይከፍላል። ለቆሼዋ እናት ግን ምንም አይከፍልም። እንደ እሷ ያሉ 100 እናቶችን ብናስብ ባንኩ በዓመት 140 ሺህ ብር ወጪ ይተርፈዋል። ገንዘባቸውን ደግሞ በሙራበሐ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ ይሸጥበታል።

በትክክል ተረዱን። ያንን 1,400 ብር አንፈልገውም። ሐራም ነው። እናቶቻችንም ለአላህ ብለው ትተውታል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ለአላህ ተብሎ የተተወ ገንዘብ፣ ለልዩ ደንበኛ የአየር ማረፊያ ሶፋ መክፈያ መሆን አለበት ወይ? የክብር ማረፊያው ክፍል በር ላይ ካርዱን ስታሳዩ ሒሳቡ ለባንካችሁ ይላካል። ባንኩ ከየት ያመጣዋል? ከሚያገኘው ትርፍ ነው። ትርፉን ደግሞ ያገኘው ምንም ባልተከፈለበት አደራ ሠርቶ ነው።

«ስጦታ ነው» ይሉናል

እዚህ ላይ ባንኮቹ መልስ አላቸው። «ይህ ሂባ ነው፤ ባንኩ በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ስጦታ ነው» ይላሉ። ሂባ መሆኑ ቢረጋገጥ ዝም እንል ነበር። ግን ስጦታ በቅድመ ሁኔታ ይታሰራል? «ይህን ያህል ብር ካቆየህ ትወስዳለህ፤ ከቀነሰ ትነጠቃለህ» የሚባል ነገር ስጦታ ሳይሆን ውል ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት አበዳሪ በብድሩ ምክንያት የሚቀበለው፣ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ጥቅም ሪባ መሆኑን አስተምረውናል። ባንኩ የሚሠራበትና ሙሉውን ለመመለስ ዋስ የሆነበት ወዲዓህ ደግሞ ስሙ አደራ ቢሆንም ሑክሙ የብድር፣ የቀርድ እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ ባለሒሳቡ አበዳሪ ነው፤ ባንኩ ተበዳሪ ነው። ተበዳሪ ለአበዳሪው «ብዙ ካበደርከኝ ይህን እጨምርልሃለሁ» ሲል ምን ይባላል? ወለዱ በብር ሳይሆን በሶፋና በቡና መከፈሉ ስሙን ይቀይረዋል?

መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው፣ የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማትን ደረጃ የሚያወጣው አዮፊ ጉዳዩን በቀርድ ደረጃው አንስቶታል። ለተንቀሳቃሽ ሒሳብ ባለቤቶች ገንዘብ ከማስገባትና ከማውጣት ጋር የተያያዘ አገልግሎት መስጠት ይቻላል። በሒሳቡ ምክንያት ብቻ ከዚያ ውጪ የሆነ ቁሳዊ ስጦታና ጥቅም፣ ከክፍያ ነጻ ማድረግን ጨምሮ፣ መስጠት ግን አይፈቀድም። በካርዶች ደረጃው ደግሞ ሰው ከራሱ ገንዘብ የሚያወጣበትን ዴቢት ካርድ ይፈቅዳል። የካርድ ክፍያ መቀበልንም ይፈቅዳል። ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት የሚጠየቀው ክፍያ ግን ከአገልግሎቱ ጋር የተመጣጠነ ቁርጥ ዋጋ እንጂ በሚወጣው ገንዘብ መጠን እያደገ የሚሄድ መቶኛ እንዳይሆን ይከለክላል። ከካርዱ ጋር የሚመጣ የተለመደው የሕይወት ኢንሹራንስም አይፈቀድም።

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም፤ በአንድ ካርድ ላይ ፈትዋ አንሰጥም። ግን ባንኮቹ የሸሪዓ አማካሪዎች አሏቸው። ውሳኔያቸው ለምን አይታተምም? «በሸሪዓ ኮሚቴ የጸደቀ» የሚለው ማኅተም ብቻውን አይበቃንም። ምን እንደጸደቀ፣ በምን መስፈርት እንደጸደቀ ማንበብ እንፈልጋለን።

የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች

«ባንክ ንግድ ነው፤ ትልቅ ደንበኛውን ካላከበረ ይሄድበታል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ንግድ ነው። ነጋዴ ደንበኛውን በጥሩ አገልግሎት ይይዛል፤ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ከወለድ ነጻ ባንክ እኛን ሲጠራን «ንግድ ነኝ» ብቻ ብሎ አልጠራንም። «ዲናችሁን ጠብቃችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ» ብሎ ነው የጠራን። በዲን ስም የሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተዳድርም የዲኑን ሚዛን ይሸከም። ሱረቱል ሐሽር በሰባተኛው አንቀጹ ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ የሚዘዋወር እንዳይሆን ያስተምረናል። የድሃ አደራ የባለጸጋ ምቾት ሲሆን እኮ የተባለው ዝውውር ይኸው ነው።

«ሐጅና ዑምራ የሚሄድ ሰው፣ ለንግድ ዱባይና ቻይና የሚመላለስ ሰው ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልገዋል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ያስፈልገዋል። ካርዱን አልተቃወምንም። የሚፈልገው ሰው የዓመት ክፍያውን በግልጽ ከፍሎ ይውሰድ። ለማረፊያ ክፍሉም፣ ለልዩ አስተናጋጁም የሚጠቀምበት ይክፈል። ይህ ንጹሕ ግብይት ነው፤ የአገልግሎት ዋጋ ነው። የምንቃወመው ያልተጠቀመበት ሰው እንዲከፍል መደረጉን ነው።

«ታዲያ እናቶቹ ሙዳረባ ሒሳብ ለምን አይከፍቱም? ትርፍ ያገኙ ነበር» የሚለው ግን ጥሩ ምክር ነው። እኛም እንመክራለን። በሙዳረባ ባለገንዘቡ ከትርፉ ድርሻ አለው፤ ባንኩ ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ግን የገንዘቡን ኪሳራ የሚሸከመው ባለገንዘቡ ነው። ነገር ግን ስንት ቅርንጫፍ ነው ቁጭ አድርጎ ልዩነቱን ለአንዲት እንጀራ ሻጭ ያስረዳት? ወርቃማውን ካርድ ለመሸጥ ስልክ የሚደውል ሠራተኛ ካለ፣ ሙዳረባን ለማስረዳትም ሠራተኛ አይጠፋም።

ምን እንጠይቅ?

ወጣቶች! ማኩረፍ ብቻ ጥቅም የለውም። ገንዘባችንን አውጥተን ወደ ወለድ ባንክ እንመለስ የሚልም ካለ ሰይጣን እንዳያታልለው። ተቋማቱ የእኛ ናቸው፤ ብዙዎቻችን አክሲዮን አለን። ስለዚህ ቅርንጫፍ ስትሄዱ በአደብ፣ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ደግሞ በግልጽ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ለአነስተኛ ቆጣቢ መሠረታዊው ኤቲኤም ካርድና የመጀመሪያው ምትክ ካርድ ያለ ክፍያ ይሁን። ከወርቃማው ካርድ በፊት ይህ ይቅደም።

ሁለተኛ፦ ልዩ ካርድ በተቀማጭ መጠን ሳይሆን በግልጽ ዋጋ ይሰጥ። የማረፊያ ክፍሉን ወጪ የሚጠቀምበት ይክፈለው።

ሦስተኛ፦ ማንኛውም የገንዘብ ማውጫ ክፍያ ቁርጥ ይሁን፤ በመቶኛ አይሁን። የክፍያ ዝርዝሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፦ ከካርዱ ጋር የሚመጣው ኢንሹራንስ ተካፉል ይሁን፤ ካልሆነ ይውጣ።

አምስተኛ፦ ባንኩ ከባለሱቆችና ከካርድ ድርጅቶች በዓመት ምን ያህል እንደሚቀበልና ለልዩ ካርድ ጥቅሞች ምን ያህል እንደሚያወጣ በዓመታዊ ሪፖርቱ ለይቶ ያሳየን።

ካርዱ በኪሳችሁ ያለ ወንድሞችና እህቶች! እናንተን አልከሰስንም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ካርድ ስታወጡ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ፦ ይህን ማን ከፈለልኝ? መልሱን ካላወቃችሁ ባንካችሁን ጠይቁት። እሱም ካልመለሰላችሁ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

ከላይ የጠቀስነው ወንድማችን ባንኩ ሄዶ ካርዱን መልሷል። ምክንያቱንም በጽሑፍ አስገብቷል። የእናቱ ሒሳብ ግን እዚያው አለ፤ እሳቸው ሒሳቡን የከፈቱት ለአላህ ብለው ነውና አልዘጉትም። ከእኛ የሚጠበቀው ያ አደራ አደራ ሆኖ እንዲቀጥል መቆም ነው።

አላህ ሐላሉን አስወድዶ ከሐራሙ ያብቃቃን። ለቆሼ ሟቾችም እዝነቱን ያውርድ። ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉን ለባለአክሲዮኖችና ለባንክ ሠራተኞች አድርሱልን። የተሳሳትነው ካለም በማስረጃ አርሙን፤ እናስተካክላለን።