ውሻን ከጎዳና ማንሳት ቀላሉ ሥራ ነው

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነገር አለ። ድልድይ ሥር ወይም የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተወለዱ ቡችሎች ዝናብ ሲወርድባቸው ያየ ሰው አንጀቱ አልችል ብሎት አንዱን በጃኬቱ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ፎቶ ይነሳል፣ ቦቢ ወይም ጃክ የሚል ስም ይወጣለታል፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ይመርቃል። ሁለት ሳምንት አለፍ ሲል ግን ያው ቡችላ አጭር ሰንሰለት አንገቱ ላይ ገብቶለት ከግቢው ጥግ ተቀምጧል፤ ወይም ተመልሶ መንገድ ላይ ነው። «አመለኛ ሆነብን፣ ሌሊቱን ሲያላዝን አደረ፣ ልጁን ሊነክስብን ነበር» ይባላል።

ጥፋቱ የውሻው አይደለም። ማንሳት የአንድ ቀን ርኅራኄ ነው። ቤት ማላመድ ግን የወራት ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን ሳያስብበት ነው የሚገባበት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እውነት አለው፤ ነገር ግን ማብላት ብቻ በቂ ነው የሚል ስሕተትም አስተምሯል።

የውሻ መጠለያ የሚሠሩ ሰዎች በሦስት ቁጥር የሚያሰሉት ግምት አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የድንጋጤ ናቸው፤ ውሻው ይደበቃል፣ ምግብም ሊተው ይችላል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቤቱን ሥርዓት ይማራል። ቤቱ ቤቴ ነው ብሎ እስኪረጋጋ ግን ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ቡችላ ፈጥኖ ሊለምድ ይችላል፤ ድንጋይ ሲወረወርበት ያደገ ትልቅ ውሻ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

የአዲስ አበባ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ ይሸሻል። ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ያውቃልና። እንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ውሻ በመጣበት ቀን የሰፈር ልጆች ከበውት በየተራ ሲዳብሱት ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። የሚሻለው ጸጥ ያለ ጥግ ሰጥቶ መተው ነው። አሳዳጊው በርጩማ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሽትተው። ሲያጉረመርም መምታትም አያዋጣም። ማጉረምረም «ራቅ በልልኝ» ማለት ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ደግሞ 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ሰውነት ውስጥ ሳምንታትና ወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ደህና የሚመስል ቡችላ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቀላል። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ አለበት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ ክትባቱን ግን አይተኩም።

ስለ ምግቡም የተለመደ ስሕተት አለ። የተረፈ እንጀራ በወጥ ለውሻ መስጠት የደግነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ወጡ ግን በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰነጣጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። ከሥጋ ቤት የሚገዛው ጥሬ ሳንባም የራሱ ጣጣ አለው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ እጢ የትል መኖሪያ ነው። ውሻው በጥሬው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያም ባልታጠበ እጅ በኩል ወደ ሰው ይደርሳል። ሳንባውን በደንብ ቀቅሎ መስጠት፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት በየጊዜው ማስወሰድ ቤተሰቡን ይጠብቃል።

ውሻ ቤት አይገባም የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እምነቱና ልማዱ ይከበርለት። ውሻ አልጋ ላይ መተኛት የለበትም። ዝናብ የማያስገባ ጣራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላና ደረቅ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ መናከስ ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ርችት ሲተኮስ ደግሞ ራሱን ሊያንቅ ይችላል።

«ሰው ጦሙን በሚያድርበት ሀገር ስለ ውሻ ይወራል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያው የሚነከሰው ልጅ ነው። አማርኛ ጠያቂ የሌለውን ሞት «ደመ ከልብ» ይለዋል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። በየከተማው ለዓመታት ውሻን በመርዝ መግደል እንደ መፍትሔ ሲሠራበት ኖሯል። ዛሬም መንገዱ በውሻ የተሞላ ነው፤ በሞቱት ቦታ ሌሎች ይተካሉና። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብን ነው። ተከትቦ በግቢ የሚኖር አንድ ውሻ ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንዱ ነው፤ ጥቅሙም ለጎረቤት ልጅ ጭምር ነው።

የሴት ቡችላ ነገርም አለ። «ትወልድብናለች» እየተባለ ወንዱ ይመረጣል፣ እሷ እዚያው ትቀራለች። አንድ ዓመት ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ቡችሎች የሚመጡት ከዚህ ነው። እሷን አንስቶ ማስመከን ወንዱን ከማንሳት የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ይህን ሁሉ መሸከም የማይችል ሰው ቡችላውን ባያነሳ አያሳፍርም። ተከራይ ከሆነ አስቀድሞ አከራዩን ይጠይቅ፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ከሆነ ጎረቤቶቹን ያማክር። ማሳደግ ካልቻለ የሰፈሩን ውሻ ለማስከተብ ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣ። ሰው ለምዶ የተጣለ ውሻ ጎዳና ላይ ራሱን የማዳን ብልሃቱ ስለሚቀንስ ከመጀመሪያው የባሰ ይጎዳል።