ስለ መናፈሻና ስለ ተመላሽ እንግዳ

የሰው ዐይን ያየውን ቶሎ የሚለምድ ስለ ሆነ፥ መናፈሻ ያቋቋመ ሁሉ እንግዳውን ዳግመኛ ለማምጣት በየጊዜው አዲስ ነገር መጨመር ግድ ይሆንበታል። በአዲስ አበባ የአንድነትና የወዳጅነት ፓርኮች በ2012 ዓ. ም.፥ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ. ም. ተከፍተው የአንዱን ከተማ ሕዝብ ስለሚሻሙ፥ ፉክክሩ በግልጥ ይታያል።

ወላይታ ሶዶ ግን በግንብና በመጫወቻ መኪና ብዛት ልወዳደር ብትል ድካሟ ከንቱ ነው፤ ደግሞም አያስፈልጋትም። መንታው የአጆራ ፏፏቴ በበጋና በክረምት መልኩ አንድ አይደለም፤ የጊፋታ በዓል በየዓመቱ በመስከረም ይመለሳል፤ በዳሞታ ተራራ ጎን ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻም ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሰው እንደ ኖረበት በምርመራ የታወቀ ነው። ተፈጥሮና ልማድ ያለ ወጪ የሚያድሱትን፥ ሰው በቸልታ እንዳያበላሸው መጠበቅ ይበቃል።

ስለዚህ ሹማምንቱ ከአዲስ ሕንፃ አስቀድመው ስለ መንገድ፥ ስለ ንጽሕና፥ ታሪኩንም አስተካክሎ ስለሚናገር መሪ ሊያስቡ ይገባል። መሬት የጠበበው የወላይታ ገበሬም ከእንግዳው ገንዘብ ድርሻውን ያግኝ፤ የሚጠቀምበትን ነገር ራሱ ይጠብቀዋልና። አዲስ ነገር እንግዳን አንድ ጊዜ ይጠራል፤ የሚመልሰው ግን መልካም አቀባበል ነው።